የአይጦቹ አጫዋች

ቀደዳው እውነት የሚናገርበት ቀን ሲመጣ የሚያምነው ሰው አጣ። ጥፋቱ የማን ነው ቢሉ የራሱ ነው።

በዚያ ቤተ ሙከራ እሱን ቀደዳው ሳይል የሚጠራ ሰው የለም። ፕሮፌሰሩም ቀደዳው፣ ዘበኛውም ቀደዳው። ደመወዝ ከፋይዋ እንኳ አንድ ቀን ተሳስታ «አቶ ቀደዳው» ብላ በሰልፉ ፊት ጠርታዋለች አሉ፤ እሱም ኮራ ብሎ «አቤት» ብሏል። ሥራው የአይጦቹን ክፍል መጠበቅ ነው። ሰጋቱራቸውን ይቀይራል፣ ውሃቸውን ይሞላል፣ ወለሉን ይወለውላል። ትምህርቱ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ወሬው ግን እስከ ዛሬ አልቆመም። አንዲት አይጥ የእጅ ሰዓቱን ሰርቃ ስታበቃ ከሥራ እንዳይዘገይባት ብላ ጠዋት ጠዋት በመስኮት እየመጣች ትቀሰቅሰው እንደነበር ያወራው እሱ ነው። «ሰዓቱንስ መለሰችልህ?» ሲሉት፣ «ምን ታድርግ፣ እሷም ሥራ አላት» ይላል።

ከተማሪዋ ጋር ያገናኘው ንክሻ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ኒውሮፋርማኮሎጂ ነው የምታጠናው። ቀደዳው ቃሉን በትክክል ለመጥራት መሃል ላይ ውሃ መጎንጨት ይኖርበታል፤ ትርጉሙን ግን አንድ ቀን ስትነግረው ገብቶታል። «መድኃኒት አንጎል ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚያወራ ማዳመጥ ነው» ብላዋለች። እሱም «አሃ፣ ነገር ማዳመጥ ነዋ! እኔም እኮ በዚያ በኩል ምሁር ነኝ» አለ።

የመጀመሪያ ቀን ጓንቷን አጥልቃ፣ መርፌዋን ይዛ ገባች፤ አይጧ ደግሞ ጣቷን ይዛ ቀረች። እንባዋ ዱብ ዱብ ሲል ቀደዳው መወልወያውን ተደግፎ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፦

«አይዞሽ ዶክተሬ። የእነዚህ አይጦች ንክሻ ለአእምሮ ፍቱን ነው። እኔን ራሴን እስከ ስምንተኛ ክፍል ያደረሰኝ ንክሻ ነው» አላት።

«ታዲያ ለምን እዚያ ላይ ቆምክ?»

«የአይጦቹ ጥርስ አለቃ።»

እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ቀደዳው ያን ዕለት ወለሉን ሁለት ጊዜ ወለወለ፤ አንዱን ለሥራው፣ ሌላውን እግሮቹ መሬት መንካታቸውን ለማረጋገጥ።

ፍቅር እንዲህ ነው የጀመረው። ግን መሃላቸው ገደል ነበር። አባቷ ስመ ጥር ቀዶ ሐኪም ናቸው። አንድ ከሰዓት ሊወስዷት መጥተው በር ላይ ከቀደዳው ጋር ተገጣጠሙ። ቀና ብለው ሳያዩት የልጃቸውን ቦርሳ አቀበሉትና «መኪናው ጋ አድርስልኝ» አሉት። አደረሰ። ተማሪዋ ከኋላ ነበረች፤ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች እንጂ አንዲት ቃል አልወጣትም። ቀደዳው ጠንካራ ትከሻ አለው፤ ያን ቀን ያጎበጠው ቦርሳው ሳይሆን ያቺ ዝምታ ናት።

በማግስቱ መጥታ የአይጦቹን በር ተደገፈች።

«አባዬ በዚህ ዓመት ካልጨረስሽ እኔ ክሊኒክ ትገቢያለሽ ብሎኛል» አለች። «እኔ ደግሞ የምጨርስበትን ቀን የምጠብቀው ለሌላ ነው። በተመረቅኩ ቀን ስለ አንተ እነግረዋለሁ። ቃሌ ነው።»

«ምን ብለሽ?»

«አንድ ውሸታም እወዳለሁ ብዬ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የእሷ ምርቃት የሁለቱም ሆነ። ቀደዳው መወልወያውን በያዘ ቁጥር የምርቃት ጋውን የለበሰ ይመስለው ነበር።

*

ሙከራዋ ለመናገር ቀላል፣ ለመሥራት እሾህ ነው። ፍርሃትን የሚያበርድ አዲስ መድኃኒት አለ። ግማሾቹ አይጦች እሱን ይወጋሉ፤ ግማሾቹ ጨው የገባበት ውሃ ብቻ። የትኞቹ መድኃኒቱን እንዳገኙ እሷ ራሷ እንድታውቅ አይፈቀድም፤ ምኞቷ ዓይኗን እንዳያስተው። ፕሮፌሰሩ ብልቃጡንም ሳጥኑንም ቀይና ሰማያዊ ካርድ ለጥፈውበት ሚስጥሩን እስከ መጨረሻው ለብቻቸው ይይዛሉ። መጨረሻ ላይ አይጦቹ አንድ በአንድ የመስቀል ቅርጽ ባለው ጠባብና ከፍ ያለ መድረክ ላይ ይደረጋሉ። ሁለቱ ክንፎች ግድግዳ አላቸው፣ ሁለቱ ገላጣ ናቸው። የፈራች አይጥ ግድግዳ ሥር ትወሸቃለች፤ ያልፈራች ወደ ገላጣው ወጣ ብላ ዓለምን ትቃኛለች። ፍርሃት በዚህ ይለካል።

ፕሮፌሰሩ ደግሞ ሌላ የማትሻር ሕግ አላቸው። የአይጦቹን ክፍል የሚረግጥ ሰው ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ «ስለምታስተምሩን እናመሰግናለን» ሳይል አይገባም። ተማሪዎቹ እንደ ሰላምታ አጣድፈው ይሏትና ያልፋሉ። ቀደዳው ግን አንድ ጠዋት ብሏት ሲያበቃ ቆም አለ። «ምስጋና በአፍ ብቻ ከሆነማ ለእኔም ይቀለኛል፤ አፍ መቼ አነሰኝ?» አለ ለራሱ። ያንን ማሰቡ ነው ጣጣ ያመጣው።

የጣጣው መጠን የታወቀው ሚስጥሩ በተፈታ ማግስት ነው። ቀደዳው ሲገባ ተማሪዋ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብላ ግድግዳ ታያለች።

«ልዩነት የለም» አለች።

«የምን ልዩነት?»

«ጨው ውሃ የተወጉትም መድኃኒት እንደተወጉት ደፍረው ወደ ገላጣው ይወጣሉ። እኩል ለእኩል። መድኃኒቱ ባዶ ነው ማለት ነው።»

«ፕሮፍስ ምን አሉ?»

«‘ባዶም ውጤት ነው፤ ጻፊውና ተመረቂ’ አሉ። እመረቃለሁ።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ግን ከእንግዲህ ያንን መድኃኒት ማንም አይነካውም። ስንት ሰው ፍርሃት ቤቱን ዘግቶበት ይኖራል፤ ለእነሱ ይሆናል ብዬ ነበር።»

ቀደዳው መወልወያውን አስቀመጠ። «ጨው ውሃዎቹ… ሰማያዊዎቹ ናቸው?»

«አዎ። ምነው?»

«ኧረ ምንም» አለ። ዓይኑ ግን ወደ ሰማያዊው ሳጥን ሄደ።

ጠዋት ጠዋት፣ ማንም ሳይመጣ፣ በሩን ሲከፍት ሰማያዊዎቹ ጥግ ላይ ተከምረው ሲንቀጠቀጡ ያይ ነበር። ቀዮቹ ግድም የላቸው። አንጀቱ አልችል አለ። ያመሰግናል ከተባለ እነዚህን ነው የሚያመሰግነው ብሎ ሰማያዊዎቹን እያወጣ ካፖርቱ እጅጌ ውስጥ ያስገባቸዋል፤ ጀርባቸውን እያሻሸ ያወራላቸዋል። መርፌው እስኪደርስ ድረስ ልባቸው ይረጋል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ እዚህ ግን ቀደዳው ባጫወተ መድኃኒቱ ተመታ!

አዳሩን ሲገላበጥ አደረ። ዝም ቢል ትመረቃለች፤ ለአባቷ ትናገራለች፤ ገደሉ ላይ ድልድይ ይዘረጋል። ቢናገር ዓመቷ ይቃጠላል፤ አባቷ ወደ ክሊኒክ ይጎትቷታል፤ እሱም ከሥራውም ከፍቅሩም ይባረራል። በሕይወቱ ሙሉ ውሸት እንደ ጓደኛ ስትከተለው ኖራለች፤ የዚያን ሌሊት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አስጠላችው።

*

«ዶክተሬ፣ የምነግርሽ አለ።»

«ዛሬ ደግሞ ምን ልትቀድ ነው?»

«መድኃኒቱ ባዶ አይደለም። ሰማያዊዎቹን ያረጋጋኋቸው እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት አጫውታቸው ነበር።»

ተማሪዋ ሳቀች። ከዚያ ክፉ ዜና ወዲህ የሳቀችው የመጀመሪያ ሳቅ ነበር፤ ለዚያ ነው ይበልጥ ያሳመመው።

«ተባረክ» አለችው፣ ዓይኗን እየጠረገች። «ሐዘኔን ልታስረሳኝ ይህን ሁሉ ፈጠርክ?»

«እናቴ ትሙት እውነቴን ነው!»

«ባለፈው በእናትህ ስትምል አይጧ ሰዓት ሰርቃ ነበር። እነዚህ አይጦች እኮ ከሰው ሁሉ ይሸሻሉ፤ እኔን ዛሬም ይነክሱኛል። ማን አየህ? ምስክርህ ማን ነው?»

«የአይጥ ምስክር ድንቢጥ» አለ ቀደዳው በምሬት። ከዚያ ወደ ሰማያዊው ሳጥን ሄደ።

ክዳኑን ከፈተ። ጓንት አላጠለቀም። እጁን መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ሰጋቱራው ላይ አሳረፈው። ተማሪዋ «ትነክስሃለች!» ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን እዚያው ቀረ። አንዲት ነጭ አይጥ ከጥግ ተነሳች። አሸተተች። መዳፉ ላይ ወጣች፤ ወደ አንጓው፤ ከዚያ የቤቱን በር እንደሚያውቅ ሰው ጎንበስ ብላ እጅጌው ውስጥ ገባች። ካፖርቱ በክንዱ ላይ ሲያብጥ፣ ሲያብጥ፣ ሲያብጥ ሄደና አይጧ በኮሌታው በኩል ብቅ አለች። ጆሮው ሥር ተቀመጠች። ሌላዋ ተከተለች። ሦስተኛዋ እጅጌው ሞልቶባት ጫፉ ላይ ተራዋን ጠበቀች።

ወደ ቀዩ ሳጥን ሄዶ ያንኑ እጁን ዘረጋ። ቀዮቹ አሸተቱት፤ ጀርባቸውን ሰጥተውት ሄዱ። አያውቁትም።

የተማሪዋ ፊት ቀስ እያለ ከሳቅ ወደ መረዳት፣ ከመረዳት ወደ አመድ ተለወጠ።

«ለምን?» አለች በሹክሹክታ።

«ፈሩ። ሲፈሩ አየኋቸው።»

«መፍራታቸውን እኮ ነበር የምፈልገው!» ጮኸች። «ሙከራው ያ ነበር! እነሱ ካልፈሩ መድኃኒቱ ከምን ጋር ይወዳደራል?»

«አላወቅኩም። አንቺም ያን ጊዜ ጣትሽን ይዘሽ ስትፈሪ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፤ እነሱንም አልቻልኩም።»

«ዝም ብትለኝስ ኖሮ? ልመረቅ አልነበረም?»

«ነበር።»

«ለአባዬ ልነግረው አልነበረም?»

«ነበር።»

«ታዲያ ምን አናገረህ?»

«ለውሸትማ እኔ አንዱ እበቃለሁ» አለ ቀደዳው፣ ኮሌታው ሥር አይጥ እንዳደረገ። «ያንቺ መጽሐፍ ምን በደለ?»

ከዚያ ዞራ ወጣች። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ፤ በኃይል ብትዘጋው ይሻለው ነበር።

*

ከዚያ ወዲህ በኮሪደሩ ስታልፍ ቀና ብላ አላየችውም። የምትሄደው ወደ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ነው፤ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነው። ቀደዳው ነገሩ ገባው። እያስባረረችው ነው። ታስባርረው፣ መብቷ ነው፤ አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች አይደል! ካፖርቱን አጠፈና ቁልፉን ይዞ ራሱ ሄደ።

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩት። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ቁልፉ ነው፣ ፕሮፍ። እሷ ሳታደክምዎ በራሴ ልውጣ ብዬ።»

«አንተ ቀደዳ! ያቺ ልጅ እየተመላለሰች ምን እያለች የምትለምነኝ ይመስልሃል?»

«እንዲያባርሩኝ።»

«እንዳላባርርህ!» ጠረጴዛውን መቱ። «ሙከራውን ሙሉ በሙሉ ትጥላለች፤ በአዲስ አይጦች ከባዶ ትጀምራለች። አባቷን ክሊኒክህ አልገባም ብላለች። ተመረቂ ብላት እምቢ አለች፤ ‘እሱ እውነቱን ለመናገር እኔን ማጣት ከደፈረ፣ እኔ አንድ ዓመት ማጣት አያቅተኝም’ አለችኝ። ቁልፍህን አንሳ።»

ቀደዳው ቁልፉን አነሳ፤ ያጠፈውን ካፖርት መልሶ ለበሰ።

«ቅጣት ግን አለብህ» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ከዛሬ ጀምሮ ቀይና ሰማያዊዎቹ ፊት ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ።»

ከሞት ቀጥሎ የሚከብድ ቅጣት ነበር። ቀደዳው እንደ ሽልማት ተቀበለው።

ወደ አይጦቹ ክፍል ሲመለስ ተማሪዋ እየጠበቀችው ነበር። እጇ ላይ አዲስ ካርዶች ይዛለች፤ አረንጓዴ።

«እነዚህ ሦስተኛ ቡድን ናቸው» አለች። «ጨው ውሃ ይወጋሉ። አንተ ታጫውታቸዋለህ። በፕሮፍ ፈቃድ፣ በሕግ።» ካርዶቹን መዳፉ ላይ አስቀመጠች፤ ጣቶቿ ግን አልተነሱም። «በኮሪደሩ ያላየሁህ ተቆጥቼ ብቻ አይደለም። አፍሬ ነው። ቦርሳዬን ስትሸከም ዝም አልኩ። አንተ ደግሞ ዝም ማለት ሲጠቅምህ ተናገርክ። በምን ዓይኔ ልይህ?»

ቀደዳው በሌላ እጁ ጣቶቿን ሸፈነ።

«ለመሆኑ ምን ነበር የምትላቸው?» ብላ ጠየቀችው፣ እንዲቀላቸው።

«ድመት የአይጥ ቋንቋ ልትማር ትምህርት ቤት ገብታ፣ ‘እባክሽ’ የሚለው ቃል ላይ የወደቀችበትን ታሪክ ነዋ!»

ሳቀች። እሱም ሳቀ። እውነቱን ግን አልነገራትም፤ ያ እውነት ገና አፉ አይችለውም ነበር።

*

የመመረቂያ ጽሑፏን የምትከላከልበት ቀን አዳራሹ ሞላ። አባቷ ከፊት ወንበር ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል፤ የመጡት ሊኮሩ ይሁን ሊፈርዱ ፊታቸው አይናገርም። ቀደዳው ከበሩ ሥር ቆሟል። ካፖርቱን አጥቦ ለብሷል።

ተማሪዋ ውጤቷን አሳየች። መድኃኒቱን የተወጉት ቀዮቹ ወደ ገላጣው ወጥተዋል። ጨው ውሃ የተወጉት ሰማያዊዎቹ ግድግዳ ሥር ተወሽቀዋል። መድኃኒቱ ባዶ አልነበረም! ፕሮፌሰሩ ሳይታወቃቸው ጭናቸውን መቱ። አረንጓዴዎቹ ደግሞ መድኃኒት ሳይነካቸው እንደ ቀዮቹ ወጥተዋል።

ከፈታኞቹ አንዷ መነጽሯን አስተካክላ ጠየቀች። «የመጀመሪያው ሙከራሽ ተጥሏል። በዚህም አንድ ዓመት ዘግይተሻል። ለምን?»

ብዙ የሚያምር መልስ ነበር። «የአያያዝ ጉድለት» ብትል ማንም አይከተላትም። ተማሪዋ መጠቆሚያ ዘንጓን አስቀመጠች።

«በመጀመሪያው ሙከራ እኔ ለግማሾቹ መድኃኒት ስሰጥ፣ አንድ ሰው ለቀሩት እጁን ይሰጣቸው ነበር። ፈርተው ስላያቸው ነው። የእኔ መለኪያ መድኃኒቱን ከእሱ እጅ መለየት አቃተው።» አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረበች። «ያ ሰው ዝም ቢል ኖሮ እኔ አምና እመረቅ ነበር፤ ጥሩ መድኃኒት ደግሞ በእኔ እጅ ይቀበር ነበር። ነገረኝ። እያንዳንዱ ቃል ምን እንደሚያስከፍለው እያወቀ። ይህ ሰው በዚህ ቤት አይጦቹን የሚጠብቅልን ነው። በሩ ሥር ቆሟል።»

አንገት ሁሉ ዞረ። የቀደዳው ጆሮ ነደደ።

«አንድ ቀን ቦርሳዬን ተሸክሞ ሲሄድ ዝም ብዬ አይቻለሁ» አለች። አሁን የምታየው ፈታኞቹን አልነበረም፤ ፊት ወንበር ላይ ያሉትን ሰው እንጂ። «ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ስለዚህ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አመሰግነዋለሁ። ከምስጋና በላይ የምለውም አለኝ፤ እሱን ለአባቴ እነግረዋለሁ።»

አዳራሹ በአንድ ጊዜ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ቀደዳው ግን አላጨበጨበም። የታጠበ ካፖርቱን እጅጌ እያስተካከለ ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

ኮሪደሩ ላይ አባቷ ወደ እሱ መጡ። ተማሪዋ ከኋላቸው ቆመች፤ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው።

«ያን ቀን ቦርሳ ያቀበልኩህ አንተ ነህ» አሉ።

«አዎ፣ ዶክተር።»

«ከብዶህ ነበር?»

«ቦርሳው አልከበደኝም።»

ሐኪሙ አንገታቸውን ደፉ። የመጀመሪያ ጊዜ ነበር ቀደዳው ፀጉራቸው መሸበቱን ያየው።

«የእኔ ሕመምተኞች ቢላ ፊት ሲተኙ ይንቀጠቀጣሉ» አሉ ቀስ ብለው። «መርፌ አዝዝላቸዋለሁ እንጂ ቃል ሰጥቻቸው አላውቅም። እስቲ ንገረኝ፤ ለእነዚያ አይጦች ምን ነበር የምትላቸው?»

ድመቷ ከነደብተሯ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። ቀደዳው አፉን ከፈተ፤ ተማሪዋን አየ፤ ድመቷን መልሶ ዋጣት።

«ስለ እሷ ነበር የማወራቸው» አለ። «አትፍሩ፣ ዛሬ የምትመጣው እሷ ናት፤ እጇ ቢንቀጠቀጥም ልቧ ደግ ነው እላቸዋለሁ። እኔም እኮ ፈሪ ነኝ እላቸዋለሁ። አባቷን እፈራለሁ። ግን አንድ ቀን፣ ታያላችሁ፣ እኛም ከግድግዳው ሥር ወጥተን ገላጣው ላይ እንቆማለን እላቸው ነበር።»

ተማሪዋ አፏን በእጇ ሸፈነች። ሐኪሙ ዞረው ቦርሳውን ከልጃቸው ትከሻ ላይ አወረዱና ራሳቸው አነገቱት።

«መኪናው ጋ ነኝ» አሉ። «ሁለታችሁንም እጠብቃለሁ።»

የእርምጃቸው ድምፅ እስኪጠፋ ሁለቱ ባሉበት ቆሙ። ከዚያ እግራቸው ወደ አይጦቹ ክፍል ወሰዳቸው። በሩ ላይ ቆሙ። ተማሪዋ እጇን እጅጌው ውስጥ አስገባች፤ ያቺ ነጭ አይጥ በገባችበት መንገድ።

«ስለምታስተምሩን እናመሰግናለን» አሉ። አላጣደፏትም። ቃል በቃል አሏት፤ ከውስጥ በኩል ሰጋቱራው ኮሽ ኮሽ ሲል ሰሙ፤ ቀደዳው በዕድሜው ስንት ነገር ሲያጋንን እንዳልኖረ፣ ደስታውን የሚያክል ውሸት ፈልጎ አጣ።